መርዶ ያልተነገረላቸው ልጆች፦ የካናዳ አዳሪ ትምህርት ቤቶች መታሰቢያ በማን እጅ ይሁን?

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2015፣ በካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኝ አለርት ቤይ በተባለች ትንሽ የደሴት መንደር፣ ብዙ ሕዝብ ከአንድ አሮጌ የቀይ ጡብ ሕንፃ ፊት ለፊት ተሰበሰበ። ሕንፃው የአገሪቱ ነባር ሕዝቦች ልጆች ይገቡበት የነበረ የቅዱስ ሚካኤል አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። በልጅነታቸው ከእናት ከአባታቸው ጉያ ተነጥለው እዚያ የገቡ፣ አሁን ግን ፀጉራቸው የሸበተ ሰዎች ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር መጥተው አለቀሱ፣ ጸለዩ፤ ከመካከላቸውም ድንጋይ አንሥተው ግድግዳውን የወገሩ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሕንፃው ፈረሰ። ማኅበረሰቡ ያንን ግድግዳ በወጣ በገባ ቁጥር እያየ መኖር አልፈለገም፤ የመታሰቢያው ሥርዓትም የማፍረሱ ሥራ ራሱ ሆነ።

በአገሪቱ ሌላ ወገን፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በብራንትፎርድ ከተማ፣ ነገሩ በተቃራኒው ሄደ። በ1831 ልጆችን በአዳሪነት መቀበል የጀመረውና በ1970 የተዘጋው ሞሐውክ ኢንስቲትዩት፣ ከውስጡ የወጡት ሰዎች እስከ ዛሬ “የገንፎ ጉድጓድ” የሚሉት ቦታ ነው። ስሙን ያገኘው ለልጆቹ ሳይታክት ይቀርብ ከነበረው ቀጭን የአጃ ገንፎ ነው። ጣሪያው ማፍሰስ በጀመረ ጊዜ፣ የግራንድ ሪቨር ስድስቱ ሕዝቦች የተባለው የነባር ሕዝብ ማኅበረሰብ በ2013 “ይፍረስ ወይስ ይቆይ?” ተብሎ ተጠየቀ፤ ከመቶ ዘጠና ስምንት የሚሆኑት ይቆይ አሉ። ገንዘብ የማሰባሰቡ ዘመቻም “ማስረጃውን አድኑ” ተባለ። ነገ ተነሥቶ “እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም” ለሚል ሰው ግድግዳው ራሱ እንዲመሰክር ነው።

አንዱ አፈረሰ፣ ሌላው አቆመ። በእኔ እምነት ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ልክ ያደረጋቸውም ውሳኔው ከተጎዳው ሕዝብ አፍ መውጣቱ ነው። ካናዳ ውስጥ ስለ አዳሪ ትምህርት ቤቶችና ስለ ዕርቅ የሚነገረውን ሁሉ መመዘን የሚገባው በዚህ ጥያቄ ይመስለኛል፦ የሚታሰበውን፣ የሚቀበረውን፣ የሚነበበውንና የሚጠፋውን የሚወስነው ማን ነው?

የሥርዓቱን አካሄድ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት ከ1883 ጀምሮ ፈርስት ኔሽንስ፣ ኢኑዊትና ሜቲ የተባሉትን የአገሪቱን ነባር ሕዝቦች ልጆች ከወላጆቻቸው አርቆ የሚያሳድጉ ትምህርት ቤቶችን በስፋት ማቋቋም ጀመረ። ገንዘቡ የመንግሥት ሲሆን አስተዳደሩ የቤተ ክርስቲያን ነበር፤ አብዛኞቹን ትምህርት ቤቶች የካቶሊክ ተቋማት፣ የቀሩትን ደግሞ የአንግሊካን፣ የፕሬስቢቴሪያን፣ የሜቶዲስትና ኋላም የተባበሩት ቤተ ክርስቲያን ይመሩ ነበር። በ1920 ሕጉ ተሻሽሎ መንግሥት የፈርስት ኔሽንስ ልጆች እንዲገቡ የማስገደድ ሥልጣን አገኘ፤ ልጁን የደበቀ ወላጅ በሕግ ይጠየቅ ጀመር። የመጨረሻዎቹ እስኪዘጉ፣ ማለትም እስከ 1990ዎቹ ማብቂያ ድረስ፣ ከ150,000 የሚበልጡ ልጆች በእነዚህ ትምህርት ቤቶች አልፈዋል።

ዓላማው በግልጽ የተነገረ ነበር፤ ልጁ ቋንቋውን፣ ሃይማኖቱንና ወገኑን ረስቶ ሌላ ሰው ሆኖ እንዲወጣ ነው። በገባበት ቀን ፀጉሩ ይቆረጣል፤ ልብሱ ይወሰዳል፤ በብዙ ቦታ በስሙ ፈንታ ቁጥር ይሰጠዋል። በእናቱ ቋንቋ ሲናገር ከተያዘ ይቀጣል። ግማሹን ቀን ቢማር ግማሹን በእርሻ፣ በልብስ ማጠቢያና በወጥ ቤት ሲሠራ ይውላል። ድብደባውና ወሲባዊ ጥቃቱ ደግሞ በሺህ በሚቆጠሩ ምስክርነቶች ተመዝግቧል።

የሞቱን ብዛት ያባባሰው አንዱ ነገር የበጀት አሠራር ነበር። ከ1892 ጀምሮ መንግሥት ለቤተ ክርስቲያኖቹ የሚከፍለው በተማሪ ቁጥር ልክ ሆነ፤ ክፍያውም ትንሽ ነበር። ስለዚህ አስተዳዳሪዎቹ ክፍሎቹን መሙላት ነበረባቸው፤ የታመመውን ከጤነኛው ሳይለዩ ያስገቡ ነበር፤ የመኝታ አዳራሾቹ ተጨናንቀው፣ ምግቡ አንሶ፣ የሳንባ ነቀርሳ እንደ ልቡ ተዛመተ። የመንግሥቱ ዋና የሕክምና መኮንን ዶክተር ፒተር ብራይስ በ1907 ትምህርት ቤቶቹን ዞሮ ጎብኝቶ ባቀረበው ሪፖርት፣ መረጃ ከተገኘላቸው 1,537 ተማሪዎች መካከል ወደ ሩብ የሚጠጉት መሞታቸውን አሳወቀ። መፍትሔውንም ጭምር ጽፎ ነበር። ሰሚ አላገኘም። ከመንግሥት ሥራ ከወጣ በኋላ በ1922 ነገሩን “ብሔራዊ ወንጀል” ብሎ በራሱ ጽሑፍ ለሕዝብ አወጣው። “በዚያን ዘመን ማንም አያውቅም ነበር” የሚለው ምክንያት የማይሠራው ለዚህ ነው፤ የሚያውቅ ነበረ፣ ተናግሯል፣ ጽፏል። ብራይስና የትምህርት ቤቶቹን ሥርዓት በበላይነት ይመራ የነበረው ደንከን ካምቤል ስኮት ዛሬ በኦታዋ ቢችዉድ መካነ መቃብር ውስጥ አርፈዋል። ስኮት ለረጅም ጊዜ በግጥሙ ብቻ ይወደስ የነበረ ሲሆን፣ በ2015 ግን በሥርዓቱ ውስጥ የነበረውን ድርሻ የሚናገር አዲስ ጽሑፍ እዚያው ተተክሏል።

እኛ ዘንድ ሞት በመርዶ ይነገራል። ሟቹ ሩቅ አገር የሞተ እንደ ሆነ ዘመድ ይጠራራል፤ ሰው ተመርጦ፣ ሰዓት ተመርጦ፣ ቤተሰቡ ብቻውን እንዳይሰማ ተደርጎ ነው። ከዚያ እርም ይወጣል፤ ተዝካርም ይወጣል። እርሙን ያላወጣ ቤተሰብ በልቡ በር ከፍቶ የሚጠብቅ ቤተሰብ ነው። የእነዚህ ልጆች ወላጆች የተነፈጉት ይህንን ነው። መንግሥት አስከሬን ወደ አገሩ ለመላክ ወጪ መክፈል ስለማይፈልግ ልጆቹ ብዙውን ጊዜ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ወይም በአቅራቢያው ተቀበሩ፤ የእንጨት መስቀሉ ከጊዜ ብዛት በሰበሰ፤ ሣር በላው። ወሬው ለወላጅ የደረሰው ዘግይቶ ነው፤ ጨርሶ ያልደረሰበትም ብዙ ነው። ኋላ ጉዳዩን እንዲያጣራ የተቋቋመው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን መዝገቦቹን ሲመረምር በጊዜው 3,200 ያህል ሞቶችን ያገኘ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 32 በመቶ የሚሆኑት የልጁ ስም እንኳ አልተጻፈባቸውም። በ23 በመቶው ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ወደ ግማሽ የሚጠጋው ምን እንደ ገደለው አልተመዘገበም።

ስሙ ከታወቀላቸው አንዱ ቻኒ ዌንጃክ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ነበር። በኦክቶበር 1966 ኬኖራ ከተማ ከነበረው ሲሲሊያ ጄፍሪ አዳሪ ትምህርት ቤት ጠፍቶ፣ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው ወደ አባቱ ቤት የባቡር ሐዲዱን ተከትሎ መሄድ ጀመረ። የለበሰው ስስ ጃኬት ነበር፤ የያዘው ክብሪት የተጨመረበት ትንሽ የብርጭቆ ብልቃጥ ነበር። ከሐዲዱ አጠገብ በብርድና በረሃብ ሞቶ ተገኘ። ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ቢያውቅ ኖሮ አይነሣም ነበር የሚሉ አሉ። እኔ ግን አውቆም ቢሆን የሚነሣ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዕርቁ እንምጣ። በፍርድ ቤት የተከማቸው የተጎጂዎች ክስ በ2006 በአገሪቱ ታሪክ ትልቁ በተባለ የጋራ ስምምነት ተቋጨ፤ ስምምነቱ ካሳ፣ የጉዳት ማጣሪያ ሂደትና የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ይዞ መጣ። ጠቅላይ ሚኒስትር ስቲቨን ሃርፐር በጁን 11 ቀን 2008 በፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ። ይቅርታው ግን የኒውፋውንድላንድና ላብራዶርን ተጎጂዎች አላካተተም፤ እነርሱ እስከ 2017 መጠበቅ ነበረባቸው፤ የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ ይቅርታውን ይዘው በሄዱ ጊዜም የኢኑ (ከኢኑዊት የተለየ ነባር ሕዝብ) መሪዎች ሥርዓቱ ላይ አንገኝም አሉ። ይህ መብታቸው ነው። በአገራችን ሽምግልና ላይ የተቀመጠ ሰው እንደሚያውቀው፣ ይቅርታ ጠያቂው ስለመጣ ብቻ ዕርቅ አይወርድም፤ ተበዳይ “በቃኝ” ማለት አለበት፤ ያንን ቃል ከአፉ ሊነጥቀው የሚችል ማንም የለም።

ኮሚሽኑን የመሩት፣ በማኒቶባ የመጀመሪያው ነባር ተወላጅ ዳኛ የነበሩት ሙሪ ሲንክሌር ናቸው። ስድስት ዓመት ያህል በአገሪቱ ዞረው ከ6,500 በላይ ሰዎችን አዳመጡ፤ በጁን 2015 የተፈጸመው “የባህል ዘር ማጥፋት” መሆኑን አስታውቀው 94 የተግባር ጥሪዎች አቀረቡ። ከነዚህ ውስጥ ከቁጥር 71 እስከ 76 ያሉት የጠፉትን ልጆችና መቃብሮቻቸውን ይመለከታሉ። ይህ ክፍል በመንግሥት በጎ ፈቃድ የተገኘ አይደለም፤ ኮሚሽኑ ቀደም ብሎ በ2009 ለዚሁ ፍለጋ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ተከልክሎ ነበር። ያን ጊዜ ቢፈቀድ ኖሮ ከአሥር ዓመት በኋላ የመጣው ድንጋጤ ሌላ መልክ ይኖረው እንደነበር አልጠራጠርም።

መታሰቢያው ከታች ወደ ላይ እንዴት እንደ ወጣ ለማየት ደግሞ የብርቱካናማውን ሸሚዝ ታሪክ መከተል ይበቃል። ፊሊስ ዌብስታድ በ1973 የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ትምህርት ቤት ልትገባ ስለ ሆነ አያቷ ይዘዋት ከተማ ወርደው ራሷ የመረጠችውን ደማቅ ብርቱካናማ ሸሚዝ ገዙላት፤ ከፊት በክር የሚታሰር ነበር። በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዊሊያምስ ሌክ አጠገብ ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሴፍ ሚሽን በደረሰች ቀን ልብሷን አስወለቋት፤ ሸሚዙን ዳግመኛ አልለበሰችውም። አዲስ ልብስ ለብሶ ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ያ ቀን ምን እንደሆነ ያውቃል። በ2013 የዚያው አካባቢ ማኅበረሰብ፣ ኤስኬቴምክ የተባለው ነባር ማኅበረሰብ አለቃ በነበሩት በፍሬድ ሮቢንስ አነሳሽነት፣ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡትን አሰባስቦ መታሰቢያ ሲያዘጋጅ ዌብስታድ ይህንን ተናገረች። የብርቱካናማ ሸሚዝ ቀን የተወለደው እዚያ ነው። ቀኑ ሴፕቴምበር 30 እንዲሆን የተደረገው ልጆቹ ከየቤታቸው የሚወሰዱት በዚያ ሰሞን ስለ ነበረ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ገደማ፣ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ትምህርት የሚጀምሩበት ጊዜ ማለት ነው። “እያንዳንዱ ልጅ ዋጋ አለው” የሚለው ቃል ከዚያች ከተማ ተነሥቶ አገሩን አዳረሰ።

መንግሥት የደረሰው ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። በሜይ 2021 ማብቂያ ላይ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ካምሉፕስ የሚገኘው የትከምሉፕስ ነባር ማኅበረሰብ መሬት ውስጥ በሚያይ ራዳር ባካሄደው ፍተሻ፣ በቀድሞው አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ የ215 ልጆች አጽም መኖሩ መረጋገጡን አስታወቀ፤ መግለጫው ኋላ ተስተካክሎ፣ መቃብር ሊሆኑ የሚችሉ 200 ያህል ምልክቶች ተባለ። አገሩ ተናወጠ፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመንግሥት ሕንፃው ደረጃ ላይ የሕፃናት ጫማ ተደረደረ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ፓርላማው ሴፕቴምበር 30ን የእውነትና የዕርቅ ብሔራዊ ቀን አድርጎ ደነገገ። በመጀመሪያው ዓመት በዓሉ በተከበረበት ዕለት ግን፣ የትከምሉፕስ ማኅበረሰብ የጋበዛቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ትሩዶ ወደዚያ ሳይሄዱ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዱ፤ ኋላ በኦክቶበር ካምሉፕስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ማኅበረሰቡ ያቆመውን መታሰቢያ መንግሥት በሕግ ሲወርሰው የሚመጣውን አደጋ ይህ አጋጣሚ በግልጽ ያሳያል፤ ቀኑ በቀላሉ ሥራ የሚዘጋበት ቀን ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

ስለ ካምሉፕስ መጠንቀቅ የሚያሻው ነገር አለ። ራዳሩ የሚያሳየው የተነካ አፈርን እንጂ አጽምን አይደለም። ማኅበረሰቡ “የጅምላ መቃብር” አላለም፤ ኋላ ያብራራው ምልክት የሌላቸው የነጠላ መቃብሮች ሊሆኑ እንደሚችሉ ነው። “የጅምላ መቃብር” ያሉት አንዳንድ ትልልቅ የዜና ማሰራጫዎች ናቸው፤ ቃሉ ስሕተት ሆኖ ሲገኝም ዛሬ ትምህርት ቤቶቹ ያደረሱትን ጉዳት ለመካድ ለሚሯሯጡ ሰዎች መሣሪያ ሆነ። መቆፈር ወይም አለመቆፈር ደግሞ ማኅበረሰቡ በራሱ ባህልና በራሱ ጊዜ የሚወስነው ነው፤ ቤተሰቡ የሟቹን ዕረፍት ላለማወክ ሲል ቢዘገይ ይህንን እንደ ማስረጃ እጦት መቁጠር ጭካኔ ነው። የሞቱት ልጆች ጉዳይ በአንድ ግቢ የራዳር ውጤት ላይ የተንጠለጠለ አይደለም። በዊኒፔግ የሚገኘው የእውነትና የዕርቅ ብሔራዊ ማዕከል በመታሰቢያ መዝገቡ ላይ ከመንግሥትና ከቤተ ክርስቲያን ሰነዶች ያሰባሰባቸው ከ4,100 በላይ ልጆች ተመዝግበዋል። በ2019 ማዕከሉ 2,800 ስሞችን በ50 ሜትር ርዝመት ቀይ ጨርቅ ላይ አስጽፎ ከኦታዋ አጠገብ በምትገኘው በጋቲኖ ከተማ በሕዝብ ፊት በዘረጋ ጊዜ፣ ጨርቁን ለመሸከም ብዙ ሰው አስፈልጎ ነበር። ለነዚያ ልጆች አንዳንዶች፣ ስማቸው በአደባባይ የታየበት የመጀመሪያው ቀን ያ ይሆናል።

ቤተ ክርስቲያኖቹስ? የተባበሩት ቤተ ክርስቲያን በ1986 (ስለ ትምህርት ቤቶቹ በቀጥታ ደግሞ በ1998)፣ አንግሊካኖች በ1993፣ ፕሬስቢቴሪያኖች በ1994 ይቅርታ ጠየቁ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እጅግ ዘገየች። በ2006ቱ ስምምነት 25 ሚሊዮን ዶላር ለማሰባሰብ ገብታው የነበረው ቃል አራት ሚሊዮን ሳይሞላ ቀርቶ ነበር፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በጁላይ 2022 በአልበርታ ማስክዋቺስ ተገኝተው፣ በብዙ ክርስቲያኖች እጅ ስለ ተፈጸመው ክፋት ይቅርታ ለመኑ። የብዙዎች ዕንባ እውነተኛ ነበር። ቢሆንም አንዳንድ ተጎጂዎች “ክርስቲያኖች” ከሚለው ቃል ይልቅ “ቤተ ክርስቲያኒቱ” የሚለውን ለመስማት ይጠብቁ ነበር፤ በዕርቅ ላይ ጥፋተኛው ራሱን የሚጠራበት ስም ቀላል ነገር አይደለም። “የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” የምንለው ወጊው ሁልጊዜ ስለሚዘነጋ ብቻ አይደለም፤ ሲያስታውስም የራሱን እጅ ከነገሩ ለይቶ ስለሚያስታውስ ጭምር ነው።

ከ94ቱ ጥሪዎች ምን ያህሉ ተፈጸሙ ለሚለው፣ የየሎውሄድ ኢንስቲትዩት የተባለው የጥናት ተቋም በየዓመቱ ሲቆጥር ቆይቶ እስከ 2023 ማብቂያ የተጠናቀቁት 13 ብቻ መሆናቸውን፣ በዚያ ዓመት አንድም አለመጨመሩን ገለጸ። መታሰቢያን የሚመለከቱት ጥሪዎች ይቀልላሉ፤ ቀን መሰየም ገንዘብ አይፈልግም። የሚከብዱት ዛሬም ከቤተሰብ ተወስደው በመንግሥት እጅ የሚያድጉ ነባር ሕፃናትን ቁጥር የሚመለከቱት፣ ቋንቋን፣ ጤናንና ፍትሕን የሚመለከቱት ናቸው።

የአማርኛ አንባቢን በቀጥታ የሚነካም አለ። ከጥሪዎቹ የመጨረሻዎቹ ሁለት፣ 93 እና 94፣ ስለ አዲስ መጪዎች ናቸው። በ2021 የዜግነት መሐላው ተሻሽሎ፣ ዛሬ ቶሮንቶ ወይም ካልጋሪ ውስጥ ቀኝ እጁን አንሥቶ ካናዳዊ የሚሆን ኢትዮጵያዊ የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑዊትንና የሜቲን የነባርነትና የስምምነት መብቶች የሚያረጋግጠውን ሕገ መንግሥት እንደሚያከብር ይምላል። “እኛ ያን ጊዜ አልነበርንም” የሚል መልስ በመካከላችን እሰማለሁ፤ እውነት ነው፣ አልነበርንም። ነገር ግን ልጆቻችን አማርኛ ረስተው ከአያታቸው ጋር በስልክ መነጋገር እንዳያቅታቸው ቅዳሜ ቅዳሜ የቋንቋ ክፍል የምንወስድ ሰዎች፣ በልጅና በአያት መካከል ያለውን ቋንቋ መንግሥት ሆን ብሎ ሲቆርጠው ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ልንረዳ ይገባል። መሐላው የሚጠይቀን ይህንን ነው።

ሕንፃውን ከማፍረስና ከማቆም ውጪ ሦስተኛ መንገድ የመረጡም አሉ። በአልበርታ ሴንት ፖል አጠገብ ብሉ ኩዊልስ የተባለውን ትምህርት ቤት በ1970 ወላጆችና የማኅበረሰቡ አባላት ገብተው አንለቅም ብለው ተቀመጡበት፤ ለሳምንታት ከቆዩ በኋላ አስተዳደሩ ለእነርሱ ተላለፈ፤ በካናዳ በነባር ሕዝብ የሚመራ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ሆነ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያኔ ያስቀጡ የነበሩት የክሪና የዴኔ ቋንቋዎች በዚያው ሕንፃ ይሰጣሉ።

አሁን የቀረበው ፈተና ግን የጡብ ጉዳይ አይደለም፤ የወረቀት ነው። በ2006ቱ የካሳ ስምምነት መሠረት ስለ ደረሰባቸው ግፍ በዝግ ችሎት የተናገሩት ከ38,000 በላይ አመልካቾች ምስክርነት በሚስጥር ተይዟል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦክቶበር 2017 በሰጠው ውሳኔ፣ ሰነዱ የተናጋሪው ነው፤ እርሱ ካልፈቀደ በቀር ወደ ማኅደር አይገባም፤ የአሥራ አምስት ዓመት ማቆያው ሲያልቅ፣ በሴፕቴምበር 19 ቀን 2027፣ ይወድማል። የታሪክ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ እኔም በመጀመሪያ ደንግጬ ነበር። ነገር ግን ለባሏ እንኳ ያልነገረችውን ለአንድ ዳኛ ብቻ የተናገረች አሮጊት፣ ያ ወረቀት ከእርሷ ጋር እንዲያልፍ ብትፈልግ፣ እንዲቀመጥ የሚያስገድዳት ሰው እንደገና እየወሰነላት ነው። ልጆቿ እንዲያነቡት የምትፈልግም ብትኖር ቅጹን ሞልታ ቅጂዋን መጠየቅ፣ ወይም ስሟ ተሸፍኖ በዊኒፔግ ማዕከል እንዲቀመጥ ማድረግ ትችላለች። ችግሩ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች ይህ ምርጫ እንዳላቸው አለማወቃቸው፣ ሳይመርጡ የሞቱትም ብዙ መሆናቸው ነው። በቀረው ጊዜ ውስጥ በየመንደሩ እየሄዱ፣ በየቋንቋው፣ ለእያንዳንዳቸው “ይህ ያንተ ነው፣ ይህ ያንቺ ነው፣ ይቅር ወይስ ይቆይ?” ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።